ፓነሉ ብልጭ እያለ የሚጠፋበት ዴስክቶፕ፦ እንደገና ቢልድ ከማድረግዎ በፊት

ጥያቄው ፕላዝማ ስለተባለው የኬዲኢ ፕሮጀክት የሊነክስ ዴስክቶፕ ነው። ጠያቂው ዲስትሮው (የሊነክስ ሥርጭቱ) አዘጋጅቶ ከሚያቀርበው ፓኬጅ ይልቅ፣ ኬዲኢ ቢልደር በተባለ መሣሪያ ራሳቸው ከሶርስ ኮዱ ሠርተውታል፤ ቢልድ ማድረግ የምንለው ይህንን ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፕላዝማ ዴስክቶፕን በኬዲኢ ቢልደር ከሶርስ ኮድ ቢልድ አድርጌ ሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ተጠቀምኩ። የዲስትሮውን ፓኬጆች አፕዴት ካደረግኩ ወዲህ ግን ፓነሉ ድንገት ይጠፋና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይመለሳል። በተለይ ከሰዓቱ አጠገብ ያሉትን አይከኖች ስነካ ነው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ወደ መግቢያው ስክሪን መለሰኝ። ሦስት ጊዜ እንደገና ቢልድ አደረግኩት፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሁሉንም ሰርዤ ከዜሮ ልጀምር ወይስ የኮምፒውተሬ ችግር ነው?»

ገና ምንም አይሰርዙ። ከነገሩኝ ተነስቼ የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ፕላዝማዎ ሲነሳ ከእሱ ጋር አብሮ ያልተሠራ ፕለጊን (ተጨማሪ ክፍል) ወይም ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ውስጡ እየጫነ ነው። እርስዎ የሠሩት አንድ ቦታ፣ ዲስትሮው ያመጣው ሌላ ቦታ አለ፤ ሁለቱ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ውስጥ ሲገናኙ ይጣላሉ። ይህ ግን ጥርጣሬ ነው። ማስረጃው እዚያው ኮምፒውተርዎ ላይ ተቀምጧል። ሳያነቡት ቢልድ ማድረግ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ በሦስቱ ሙከራዎች የጠፋው ሰዓት በጣም ያሳዝነኛል።

በመጀመሪያ የወደቀው ማን እንደሆነ እንለይ። «ዴስክቶፑ ክራሽ አደረገ» ስንል አንድ ፕሮግራም የወደቀ ይመስለናል። ፕላዝማ ግን ብዙ ፕሮግራሞች አብረው የሚሠሩበት ነው። ፓነሉን፣ ዎልፔፐሩንና ዊጀቶቹን የያዘው ፕላዝማሼል ነው። መስኮቶቹን የሚያሳየው፣ ኪቦርድና ማውሱን የሚቀበለው ኬዊን ነው። ፓነሉ ጠፍቶ ከተመለሰ የወደቀው ፕላዝማሼል ነው። የተመለሰውም ፕሮግራሞችን የሚያስነሳውና የሚቆጣጠረው ሲስተምዲ እንደገና ስላስነሳው ነው። ወደ መግቢያው ስክሪን የተመለሱባቸው ሁለቱ ጊዜዎች ግን የተለየ ነገር ናቸው፤ በተለይ ዌይላንድ በተባለው የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ላይ ከሆኑ ዓይንዎን ኬዊን ላይ ያድርጉ። የሁለቱ መንስኤ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ ለየብቻ ይነበባሉ።

ተርሚናል ከፍተው ኮርደምፕሲቲኤል የሚለውን ትእዛዝ ሊስት ከሚለው ቃል ጋር ይጻፉ። ሲስተምዲ ያለው ዲስትሮ ላይ እያንዳንዱ የወደቀ ፕሮግራም በሰዓቱ፣ በፕሮሰስ ቁጥሩና በሲግናሉ (ፕሮግራሙ የቆመበትን ምክንያት በሚናገረው ቁጥር) ተመዝግቦ ያገኙታል። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ሜሞሪው ውስጥ የነበረው ነገር በፋይል ይቀመጣል። ኮር ደምፕ የምንለው እሱን ነው። እነዚህ ፋይሎች ከቀናት በኋላ በራሳቸው ስለሚጠፉ ነገ ዛሬ አይበሉ።

ሲግናሉ ብቻውን ብዙ ይናገራል። 11 ከሆነ ፕሮግራሙ የእሱ ያልሆነ የሜሞሪ አድራሻ ነክቷል። 6 ከሆነ ራሱ ፕሮግራሙ «ከዚህ በላይ መቀጠል አልችልም» ብሎ በገዛ ፈቃዱ ቆሟል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን ሎግ ላይ ጽፎ ነው የሚሄደው፤ ሥራዎ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። 4 ከሆነ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ገጥሞታል፤ ለአንድ ማሽን ፕሮሰሰር ብቻ ተብሎ የተሠራ ቢልድ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር የሚታይ ነው። 9 ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ አልወደቀም፣ ተገደለ። ሜሞሪ ሲያልቅ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እንዲህ ያደርጋል፤ ያኔ ኮር ደምፕ አይኖርም፣ የከርነሉን ሎግ ነው ማየት። ፕሮግራሙን ከተርሚናል አስነስተው 139 ወይም 134 የሚል ቁጥር ይዞ ከወጣም ግራ አይጋቡ። 128 ሲቀንሱለት 11 እና 6 ይሆናል።

የእርስዎ 11 ወይም 6 እንደሚሆን እገምታለሁ። አሁን ኮርደምፕሲቲኤል ብለው፣ ቀጥሎ ጂዲቢ፣ ከዚያ ፕላዝማሼል ብለው ይጻፉ። ጂዲቢ የተባለው ዲባገር፣ ማለትም የስህተት መመርመሪያው፣ ፋይሉን ይከፍትልዎታል። እዚያ ውስጥ ቢ እና ቲ የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ብቻ ሲጽፉ ባክትሬሱ ይወጣል። ባክትሬስ ማለት ፕሮግራሙ በወደቀባት ቅጽበት የትኛው ፈንክሽን የትኛውን ጠርቶ እዚያ እንደደረሰ የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ከላይ ያለው የመጨረሻው ነው፤ ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የኬዲኢ ፕሮግራሞች ሲወድቁ ኬክራሽ የተባለው አካል ይነሳና አደጋውን ይመዘግባል። ስለዚህ በዝርዝሩ አናት ላይ የኬክራሽ ስም ይታያል። ሰው ያንን አይቶ «ኬክራሽ ነው ያበላሸው» ይላል። ኬክራሽ አምቡላንሱ ነው፤ አደጋውን አላደረሰም። ወደ ታች ወርደው «ሲግናል ሃንድለር ኮልድ» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ትክክለኛው ታሪክ ከዚያ መስመር በታች ይጀምራል።

ከመስመሮቹ ላይ በስም ፋንታ ሁለት የጥያቄ ምልክት ብቻ ካዩ የዲባግ መረጃ (የፈንክሽኖቹን ስም የያዘው) የለም ማለት ነው። የዲስትሮው ላይብረሪዎች ላይ ከሆነ ዲባግኢንፎዲ የተባለው አገልግሎት ያመጣዋል፤ ጂዲቢ ራሱ «ላውርድ?» ብሎ ይጠይቅዎታል፣ እሺ ይበሉት። የራስዎ ቢልድ ላይ ከሆነ ግን ቢልዱን በሚያዋቅረው ሲሜክ ላይ የመረጡትን የቢልድ ዓይነት ይዩ። «ሪልዊዝዴብኢንፎ» የሚለው ፍጥነቱን ሳያጣ የዲባግ መረጃውን ይዞ ይሠራል። የኬዲኢ ቢልደር ኮንፊግ ፋይል ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ነካክተው ካልቀየሩት ደህና ነዎት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከጂዲቢ ሳይወጡ «ኢንፎ ሼርድላይብረሪ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ፕላዝማሼል ሲወድቅ የጫናቸው ላይብረሪዎችና ፕለጊኖች በሙሉ፣ ከየትኛው ፎልደር እንደመጡ ጭምር፣ ተዘርዝረው ይወጣሉ። በመቶዎች የሚቆጠር መስመር ሊሆን ይችላል፤ አይደንግጡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ኪውት (ፕላዝማ የተሠራበት ላይብረሪ)፣ ሜሳ (የግራፊክስ ላይብረሪ)፣ ግሊብሲ (የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ) እና መሰሎቻቸው ከሲስተሙ ፎልደር ቢመጡ ትክክል ነው፤ እነሱን እርስዎ አልሠሯቸውም። የፕላዝማና የኬዲኢ የሆነ ነገር ሁሉ ግን ሆም ፎልደርዎ ውስጥ የእርስዎ ቢልድ ከተጫነበት ፎልደር መምጣት አለበት። ከሲስተሙ ፎልደር የመጣ የፕላዝማ ፕለጊን ካዩ እጅ ከፍንጅ ያዙት።

ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ለማየት ኤልዲዲ የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀማል። ኤልዲዲ የሚያሳየው ፕሮግራሙ ሲሠራ ላይብረሪዎቼ ናቸው ብሎ ያስመዘገባቸውን ብቻ ነው። ከሰዓቱ አጠገብ ያሉት የሲስተም ትሬይ አይከኖች ግን ፕለጊኖች ናቸው፤ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ነው የሚጫኑት። ለኤልዲዲ አይታዩም። እርስዎ የተቸገሩት ደግሞ እነዚያን አይከኖች ሲነኩ ነው።

እንዴት ነው የዲስትሮው ፕለጊን የእርስዎ ፕላዝማሼል ውስጥ የሚገባው? ኪውት ፕለጊን ሲፈልግ እርስዎ ኪውት ፕለጊን ፓዝ በተባለው ቅንብር የነገሩትን ፎልደር ያያል። ከዚያ ግን አይቆምም፤ ሲሠራ ጀምሮ የሚያውቀውን የራሱን ፎልደርም ያያል። ኪውቱ የዲስትሮው ስለሆነ ያ ፎልደር የዲስትሮው ነው። የዲስትሮው ፕላዝማም ጎን ለጎን ከተጫነ፣ በእርስዎ ቢልድ ውስጥ የሌለ ማንኛውም ፕለጊን ከዚያ ይመጣል። ይህ ፕለጊን የተሠራው ለሌላ የፕላዝማ ቨርዥን ነው፤ ሲጫን ግን ሜሞሪ ውስጥ የሚያገኘው የእርስዎን ላይብረሪ ነው። ለምሳሌ አንድ የሜሞሪ አድራሻ ከኦብጀክቱ መጀመሪያ 24 ባይት ላይ አለ ብሎ ያስባል። እርስዎ ጋ አዲስ መስክ ተጨምሮበት 32 ላይ ሄዷል። ፕለጊኑ 24 ላይ ያገኘውን ሌላ ነገር እንደ አድራሻ ይከተለዋል። ያኔ ነው ሲግናል 11 የሚመጣው። ሁለት ወር ሙሉ ደህና የነበረውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ፤ አፕዴቱ አራራቃቸው።

ኪውትም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። በኪውት 6 ውስጥ ለሁሉም የተከፈተው ክፍል ከአንዱ ንዑስ ቨርዥን ወደ ሌላው ሲኬድ ተኳኋኝነቱ ይጠበቃል። ፕራይቬት የሚባለው ክፍል ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ኬዊንን የመሳሰሉ የፕላዝማ ክፍሎች ይህን ፕራይቬት ክፍል ይጠቀማሉ። ስለዚህ ኪውት ከፍ ባለ ቁጥር እነሱ የግድ እንደገና መሠራት አለባቸው። ሎጉ ላይ «የማይጣጣሙ የኪውት ላይብረሪዎችን መቀላቀል አይቻልም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ከሁለት የቨርዥን ቁጥር ጋር ካዩ፣ ወይም «ኪውት 6 ፕራይቬት ኤፒአይ አልተገኘም» የሚል ነገር ካነበቡ፣ ምርመራው እዚያው አለቀ።

«ታዲያ ሦስት ጊዜ ቢልድ አድርጌያለሁ እኮ!» ይሉኝ ይሆናል። ትክክል ነዎት፤ ይህ ጥያቄ ረጋ ብሎ መመለስ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ቢልድ ማድረግ አዲስ ፋይል ይጨምራል እንጂ የተተወውን አያነሳም። ከወር በፊት አንድ ዊጀት በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነበረ እንበል። ከዚያ ገንቢዎቹ ሰረዙት ወይም ስሙን ቀየሩት። አዲሱ ቢልድ አሮጌውን ፋይል አይሠራውም፤ ግን አያጠፋውምም። ፕለጊኑ ከተጫነበት ፎልደር ተቀምጦ ይቀራል፤ ፕላዝማሼልም በተነሳ ቁጥር ያገኘዋል። መቶ ጊዜ ቢልድ ቢያደርጉ መቶ ጊዜ እዚያው ነው። የኬዲኢ ቢልደር ሪፍሬሽ ቢልድ የሚለው አማራጭ የሚያጸዳው የቢልድ ፎልደሩን ነው፤ የተጫነበትን ፎልደር አይነካም። በራሴ ማሽን ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ያሰቃየኝ ክራሽ መጨረሻ ላይ የተገኘው እንዲህ ካለ የተረሳ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሁለተኛ፣ ሦስቱም ቢልዶች እስከ መጨረሻ መሳካታቸውን አይተዋል? ብዙ ሞጁል (ለየብቻ ቢልድ የሚደረግ የፕላዝማ ክፍል) ሲሠራ አንዱ ከወደቀ የዚያ ሞጁል አሮጌ ኮፒ እንደተጫነ ይቀራል። ኪውት ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ፕራይቬት ሄደሮችን (የላይብረሪውን ውስጠኛ ክፍል ለኮምፓይለሩ የሚገልጹ ፋይሎችን) የሚጠቀሙ ሞጁሎች ናቸው ቶሎ የሚወድቁት፤ የሄደሮቹ ፎልደር ስም ውስጥ የቨርዥን ቁጥሩ ስላለ አሮጌው መንገድ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ መታደስ የሚገባቸው ሞጁሎች ሳይታደሱ የሚቀሩበት አጋጣሚ አለ። መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የወደቁ ሞጁሎች ዝርዝር ይመልከቱ።

ሦስተኛው ትንሽ ረቀቅ ያለ ነው። ቢልዱን የሚያስኬደው ኒንጃ አንድን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ለማድረግ የሚወስነው የፋይሎችን ቀን አወዳድሮ ነው። ዲስትሮው አንድ ላይብረሪ በወሩ 3 ፓኬጅ አደረገ እንበል። እርስዎ በ10 ቢልድ አደረጉ፤ ያኔ ማሽንዎ ላይ ያለው ገና አሮጌው ነው። በ12 አፕዴት ሲያደርጉ አዲሱ ገባ። ሄደር ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ቀን ግን ብዙ ጊዜ ፓኬጅ የተደረገበት 3 እንጂ የገባበት 12 አይደለም። ኒንጃ 3ን ከ10 ጋር ያወዳድርና የሚሠራ ነገር የለም ብሎ ያልፋል። እርስዎ ስክሪኑ ላይ «ተሳክቷል» የሚል ያያሉ። በእውነት ግን ምንም አልተሠራም።

ስለዚህ መድኃኒቱ እንዲህ ነው። ባክትሬሱንና የላይብረሪ ዝርዝሩን በፋይል አስቀምጠው ሲያበቁ ከፕላዝማው ይውጡና በተራ ኮንሶል ወይም በሌላ ዴስክቶፕ ይግቡ። የተጫነበትን ፎልደር አይሰርዙት፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩት። ቢያስፈልግ ይመለሳሉ። ከዚያ በሪፍሬሽ ቢልድ ሁሉንም አንድ ጊዜ ያሠሩ። የሶርስ ፎልደሩን መንካት አያስፈልግም፤ ሁሉንም እንደገና ማውረድ ትርፉ ድካም ነው። ከውጭ አምጥተው ለብቻቸው ቢልድ ያደረጓቸው ዊጀቶች ካሉ ለጊዜው አይመልሷቸው፤ በኋላ አንድ በአንድ ይጨምሯቸዋል። ካሽ ፎልደርዎ ውስጥ ፕላዝማሼል ስር ያለውን የኪውኤምኤል (ዊጀቶቹ የተጻፉበት ቋንቋ) ካሽም ያጥፉ፤ በራሱ ተመልሶ ይሠራል፣ የሚጠፋብዎት ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ከዲስትሮው ፎልደር የሚመጣ ፕለጊን ካዩ፣ ችግሩ ያለው ኢንቫይሮንመንቱ (ፕሮግራሞች የት እንደሚፈልጉ የሚነግራቸው ቅንብር) ላይ ሊሆን ይችላል። ተርሚናል ላይ ፓዞቹን በትክክል አስተካክለው ይሆናል። ፕላዝማሼልን የሚያስነሳው ግን የተርሚናልዎን ቅንብር የማያውቀው የተጠቃሚ ሲስተምዲ ነው። ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት በዲባስ በኩል የሚነሱ ረዳት ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው። ሲስተምሲቲኤልን በዩዘር አማራጭ አድርገው ሾው ኢንቫይሮንመንት ሲሉት ሲስተምዲ የሚያውቃቸውን ፓዞች ያሳይዎታል። እዚያ ውስጥ የእርስዎ ቢልድ የተጫነበት ፎልደር ከሌለ ግማሹ ዴስክቶፕ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው እየተነሳ ነው። መፍትሔው ከመግቢያው ስክሪን ላይ ለዚሁ ቢልድ የተዘጋጀውን ሴሽን መርጦ መግባት ነው።

ኬዊንን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዌይላንድ ላይ እያሉ፣ ከዚያው ሴሽን ውስጥ ሆነው፣ ጂዲቢን ከሚሠራው ኬዊን ጋር አያገናኙ። ጂዲቢ ፕሮግራሙን ያቆመዋል፤ ስክሪኑን የሚስለው እሱ ስለሆነ ሁሉም ነገር ደርቆ ይቀራል። ተርሚናሉን እንኳ ማየት አይችሉም። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች (በኔትወርክ በኩል) ይግቡ ወይም ኮር ደምፑን ብቻ ያንብቡ። ኬዊን በመስኮት ውስጥ እንደ ተራ ፕሮግራም ሊነሳም ይችላል፤ ችግሩ እዚያ ውስጥ ከተደገመ ያለ ስጋት መመርመር ይችላሉ። የኬዊን ባክትሬስ አናት ላይ የግራፊክስ ድራይቨር ስም ከታየ ደግሞ አፕዴቱ ሜሳን ወይም ከርነሉን ቀይሮ እንደሆነ ይዩ። ያኔ የእርስዎ ቢልድ ላይጠየቅ ይችላል።

ስለ ኮምፒውተሩ ጠይቀዋል። መለያው ቀላል ነው፤ አምስት ባክትሬስ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አምስቱም አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ሶፍትዌር ነው። አምስቱም የማይገናኝ ቦታ ላይ ከሆኑ፣ በተጨማሪም ኮምፓይለሩ ራሱ አንዴ አንዱ ፋይል ላይ፣ ሲደገም ሌላው ፋይል ላይ የሚወድቅ ከሆነ፣ ራሙን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሜምቴስት የተባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ያሠሩት። እርስዎ ግን አይከኖቹን ሲነኩ ነው ያሉት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚወድቅ ነገር የራም ብልሽት አይመስልም።

ንጹህ ቢልድ ላይ፣ ፕለጊኖቹ ሁሉ ከትክክለኛው ፎልደር መጥተው፣ አሁንም አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ፣ ያኔ እውነተኛ ባግ አግኝተዋል። ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ የተጠረጠረውን ሞጁል ብቻ በአድረስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት ፈላጊ) ይሥሩት፤ የኬዲኢ ፕሮጀክቶች ሲሜክ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ አማራጭ አላቸው። ፕሮግራሙን በግምት በ2 እጥፍ ያዘገየዋል፤ ነገር ግን ከወደቀበት ቦታ አልፎ ሜሞሪው መጀመሪያ የተበላሸበትን መስመር ያሳያል። ቫልግሪንድም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ግን ከ20 እስከ 30 እጥፍ ስለሚያዘገይ ለሙሉ ዴስክቶፕ አልመክረውም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የቱ ለውጥ እንዳመጣው ለማወቅ ጊት ባይሴክት አለ። በ1000 ኮሚት (በኮዱ ላይ የተመዘገበ ለውጥ) መካከል ያለውን ጥፋተኛ በ10 ሙከራ ያህል ይለያል። ፕላዝማ ግን በብዙ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) የተከፋፈለ ስለሆነ ባክትሬሱ የጠቆመውን አንዱን ሪፖዚተሪ ብቻ ይያዙ።

ለገንቢዎቹ ሲያሳውቁ ከዲባግ መረጃ ጋር ያለውን ሙሉ ባክትሬስ፣ የኪውቱን ቨርዥን፣ የሞጁሉን ኮሚት መለያ፣ እና ችግሩን የሚያስነሳውን ድርጊት ይጻፉ። ከሶርስ የሠሩት መሆኑን አይደብቁ። የተደባለቀ ላይብረሪ እንደሌለ ማየትዎንም ይጨምሩ፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነውና።

ለእኔ ግን አሁን የሚያስፈልገኝ ይህን ያህል አይደለም። የፕላዝማሼሉን ባክትሬስ ከ«ሲግናል ሃንድለር» መስመር በታች ያሉትን አሥር መስመሮች፣ ከላይብረሪ ዝርዝሩ ውስጥ ደግሞ ፕላዝማ የሚል ስም ያላቸውን ብቻ ይላኩልኝ። ስሙን ብቻ ቀይረው ያቆዩትን አሮጌ ፎልደርም መልሴን እስኪያገኙ አያጥፉት።